በሳህን ላይ የሚታጠፍ የነርቭ ዘንግ

ፅንስ በተጀመረ በ28ኛው ቀን ገደማ የነርቭ ዘንጉ ተዘግቶ ያልቃል። ይህ ዘንግ ኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ነው፤ መጀመሪያ ግን ጠፍጣፋ የሴሎች ንጣፍ ነበር። ጠርዞቹ ይነሱና እንደሚጠቀለል እንጀራ ይገጥማሉ። ሳይገጥሙ ሲቀሩ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፤ ክፍተቱ ጭንቅላት በኩል ከሆነማ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በትግራይ ሆስፒታሎች ከ10,000 ወሊድ 131 እንዲህ ያለ ጉዳት መዝግቧል። በዓለም ደረጃ በጣም ከፍተኛ ነው።

የሚያስቸግረው እነዚያን ቀናት ማየት አለመቻሉ ነው። ብዙዋ ሴት ማርገዟን ገና አላወቀችም፤ ለጥናት በላብራቶሪ የሚያዝ ፅንስም በአብዛኛው አገር ከ14 ቀን በላይ እንዲያድግ አይፈቀድም።

እነዚያን ቀናት ለማየት መንገዱን የከፈተው የጃፓኑ ሺኒያ ያማናካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋቂ ሰው የቆዳ ሴል አራት ጂኖች ተጨምረውበት ወደ ስቴም ሴልነት፣ ማለትም ማንኛውንም የሰውነት ክፍል ሊሆን ወደሚችል ሴል፣ እንደሚመለስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2013 ቪየና ውስጥ ማድሊን ላንካስተርና ባልደረቦቿ ከእንዲህ ያሉ ሴሎች 4 ሚሊሜትር የሚደርስ የአንጎል ህብረ ሕዋስ አሳደጉ። የደም ሥር ስለሌለው ከዚያ አላለፈም። «ትንሽ አንጎል» የሚለው የጋዜጣ ስም የተጋነነ ነው፤ አያስብም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች የሴሎቹን ንጣፍ ስፋትና ቅርጽ ወስነው፣ ንጣፉ ላብራቶሪ ሳህን ላይ በራሱ ጊዜ ታጥፎ ሲዘጋ በማይክሮስኮፕ ተከታተሉት። አንድን ጂን ወይም መድኃኒት እየለዋወጡ የቱ እጥፋቱን እንደሚያሰናክል መፈተን የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። የእናት ደምና የእንግዴ ልጅ ግን ሳህኑ ላይ የሉም፤ ስለዚህ ዘንጉ እንዲዘጋ ስለሚረዳው ቫይታሚን «እናቲቱን ስንት ፎሊክ አሲድ ይበቃታል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከሰዎች ጥናት ነው።

መጠኑ ቢታወቅም ፎሊክ አሲዱ በጊዜው መድረስ አለበት። ለምሳሌ ጋምቤላ ውስጥ ጊሎ ወንዝ አጠገብ ያለችው ፑኝዶ፣ ከነዋሪዋ አኝዋክ ሌላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችም የሚኖሩባት ናት። እዚያም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ነፍሰ ጡሯ የፎሊክ አሲድ ክኒን የምታገኘው ለክትትል ስትመጣ ነው፤ ያኔ ዘንጉ ተዘግቷል ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል። ስለዚህ ፎሊክ አሲዱ ከእርግዝናው በፊት ምግቧ ውስጥ መግባት አለበት። ኢትዮጵያ የስንዴ ዱቄት ፋብሪካዎች እንዲጨምሩት አስገድዳለች፤ ፑኝዶ ግን የሚበላው በአመዛኙ በቆሎና ማሽላ ነው፣ የሚፈጨውም በሰፈር ወፍጮ። ጨው ግን ሁሉም ቤት ይገባል፤ ከአዮዲኑ ጋር ፎሊክ አሲድ መጨመርም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ እየተሞከረ ነው።