ባሮሎ፦ ዕድሜና ማዕድ የሚያለዝቡት ወይን



በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒዬሞንቴ ክልል፣ ኔቢዮሎ ከተባለው የወይን ዝርያ ብቻ የሚጠመቀው ባሮሎ መልኩ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው። ዓይን «ለስላሳ ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ አፍ ግን ፍርዱን ይሽረዋል። ገና ለጋ ሳለ የቀመሰው ሰው ምላሱ ይደርቃል፤ ድዱም የተጨማደደ ይመስለዋል።

ይህን ድርቀት ከጣዕም ይልቅ የመዳሰስ ስሜት አድርጌ እወስደዋለሁ። ከወይኑ ልጣጭና ከፍሬው ዘር የሚወጣው ታኒን ከምራቃችን ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ የአፍ ልስላሴ ይቀንሳል።

የሚያለዝቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ዕድሜ ነው። ሕጉ ባሮሎ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 38 ወራት እንዲቆይ፣ ከእነዚህም 18ቱን በእንጨት በርሜል እንዲያሳልፍ ያዝዛል፤ «ሪዜርቫ» የሚባለው 62 ወራት ይጠብቃል። ከዚያም በኋላ በጠርሙስ ውስጥ ለዓመታት መለስለሱን ይቀጥላል። ሁለተኛው ማዕድ ነው። ታኒኑ በምራቅ ፋንታ የሥጋውን ፕሮቲን ያገኛል፤ ስቡም አፍን ያረጥባል። የአገሩ ሰዎች የበሬ ሥጋን በዚያው ወይን በዝግታ አብስለው ማቅረባቸው ከዚህ ጋር ይስማማል።

ስለዚህ ቅምሻችሁን ስትመዘግቡ የመከሩን ዓመትና አብሮ የቀረበውን ምግብ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ሁለቱን ሳያውቅ የሚፈርድ ሰው በግማሽ ማስረጃ ፈርዷል።