ጤና መኮንን ግማሽ ሐኪም አይደለም

ጤና መኮንን ይመረምራል፣ ያክማል፣ ጤና ጣቢያ ይመራል። ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። «ሐኪም ሲጠፋ የተገኘ ማሟያ ነው» የሚሉትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎንደር ነው። በ1953 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ደምቢያ ላይ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹም ሳይመረቁ በቡድን እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይወጡ ነበር። ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ሕፃን በተቅማጥ ደክሞ ሲመጣ ጤና መኮንኑ ያክመዋል፤ ነርሷ ቤት ድረስ ሄዳ እናቱን ታነጋግራለች፤ ሳኒታሪያኑ ደግሞ ምንጩን ያያል፣ ከብት የሚጠጣበትን ከሰው ያስለያል። አለዚያ ልጁ ያንኑ ውኃ ጠጥቶ በሳምንቱ ይመለሳላ! ጤና መኮንን የታሰበው ለዚህ ነው፤ አልጋ ላይ ለተኛው ብቻ ሳይሆን ገና ላልታመመው መንደር ጭምር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ ወደ ሐኪም ማሠልጠኛነት ዞረና ሥልጠናው ተቋረጠ፤ በ1990ዎቹ ተመለሰ።

ያ ንቀት ግን ዛሬም አልቀረም። ወደ ገረሴ በሚወጣ መኪና ውስጥ አንድ ሽማግሌ «እኛ ጋ ያለው ጤና መኮንን ነው እንጂ ሐኪም አይደለም፤ ምራቴን አርባ ምንጭ አውርደን በኦፕራሲዮን ተገላገለች» አሉኝ። «ጋሼ፣ አርባ ምንጭ ሆስፒታል እኮ ጤና መኮንኖችንም ኦፕራሲዮን አሠልጥኗል። ማን እንዳዋለዳት ጠይቀዋል?» አልኳቸው። አልጠየቁም። በ2009 ይኸው የጤና መኮንኖች የኦፕራሲዮን ሙያ የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና ሆኖ በአገር ደረጃ ተጀምሯል። ገረሴን ለመሰለ ደጋ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ለሚያወርድ ሰው፣ ቀዶ የሚያዋልድ ሰው ቅርብ መሆኑ ትርፍ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ታሪክ እንዳይረሳ፣ የሕክምና ታሪክ ማኅበር እናቋቁም የሚሉ ተማሪዎች ካሉ የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ አይሸሽም፤ ይቆያቸው። በቅድሚያ ጡረታ የወጡትን ጤና መኮንኖችና ድሬሰሮች (ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ የጤና ረዳቶች) ፈልገው ይጠይቁ፦ መርፌ በምን ይቀቅሉ ነበር? በበቅሎ ስንት ቀን ይሄዱ ነበር? መድኃኒት ሲያልቅስ ለበሽተኛው ምን ይሉት ነበር?