ጎጆ ለሚወጣ ወጣት የአባቶች ምክር ምን ይላል?

በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች አንድ ወጣት ጎጆ ሊወጣ ሲነሣ ከወላጆቹ ከሚያገኘው ጥሪት ሌላ የሚሰነቅለት ነገር አለ። ይህም የአባቶች ምክር ነው። ምክሩ በምሳሌያዊ አነጋገር ተቋጥሮ፣ በሠርግ ምርቃት ታጅቦ፣ በለቅሶ ቤትና በሽምግልና ሸንጎ እየተደጋገመ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሸጋገር ኖሯል።

የምክሩ መነሻ ቃልን ማክበር ነው። “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” የሚለው አባባል ለጆሮ የከበደ ቢመስልም ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም። የጽሑፍ ውል ባልተስፋፋበት ኅብረተሰብ ብድርም ሆነ እጮኝነት ጸንቶ የሚቆመው በሰው ቃል ነበር። በመሆኑም ቃሉን ያጠፈ ወንድ ከወዳጁ በተጨማሪ በችግሩ ቀን ዋስ የሚሆነውን ሰው ያጣል። በሠርግም ወቅት ሚዜው ለሙሽራዋ ወንድም ሊሆናት ቃል የሚገባበት ወግ አለ። ባሏ ሲበድላት አቤት የምትለው አንድ ሰው ከባሏ ወገን እንዲኖራት የታሰበበት በመሆኑ፣ ባልም ስለ ምግባሩ የሚጠይቀው ሰው መኖሩን ከጅምሩ ያውቃል።

ሁለተኛው ምክር ቁጣን መግታት ነው። “ካፍ ከወጣ አፋፍ” እንደሚባለው በንዴት የተወረወረ ቃል ተመልሶ አይለቀምም። በዚህም የተነሣ ሽማግሌዎች የተጣሉ ባልና ሚስት ሲመጡላቸው በዚያው በጋለ ስሜት ከመዳኘት ይልቅ ቀጠሮ ሰጥተው ነገሩን ማሳደርን ይመርጣሉ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ፍርድ ቤት ፍቺ ከመወሰኑ በፊት ለተጋቢዎች ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህም የአባቶች ዘዴ ከዘመናዊው ሕግ ጋር የሚገናኝበት አንዱ ነጥብ ነው።

በርካታ ወንዶች በተሳሳተ መንገድ የሚረዱት ግን ሦስተኛውን ነው። “የወንድ ልጅ እንባው ወደ ሆዱ ነው” የሚለውን አባባል ሰምተው ያደጉ ወንዶች ሐዘናቸውንና ጭንቀታቸውን መሰወርን የወንድነት መለኪያ ያደርጉታል። ሆኖም ይህንኑ አባባል የሚናገሩት አባቶች በለቅሶ ላይ በአደባባይ ያነባሉ፤ ደረታቸውንም ይደቃሉ። በዚህ ምክንያት ወንድነቱ የተጠረጠረ ሰው የለም። ከቀብር እስከ ሰልስት ጎረቤትና እድርተኛ ሐዘንተኛውን ከብቦ የሚቀመጠውም ሐዘን ለብቻ የሚሸከሙት ሸክም ባለመሆኑ ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚሉትም እነዚሁ አባቶች ናቸው። ስለዚህ ቁጣን መግታትና ሐዘንን መደበቅ ለየቅል መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። የታመቀ ሐዘን በመጠጥ ወይም በቁጣ መልክ ሲፈነዳ ጉዳቱ በቅድሚያ የሚያርፈው በሚስትና በልጆች ላይ ነው።

በሌላ በኩል ከአባቶች የተወረሰ ሁሉ ሊወረስ አይገባውም። “ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ” የሚለው አባባል ሴቷን ከቤቷ ምክክር ያገለለ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ደንግጎ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጦ በአንቀጽ 50 ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በማስተዳደር ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው አስፍሯል። ቀድሞ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይዘውት የነበረውን ፍቺ የመወሰን ሥልጣንም ለፍርድ ቤት ሰጥቶ፣ የሽማግሌዎችን ድርሻ በማስታረቅ ላይ እንዲያተኩር አድርጓል።

ዕርቅም ቢሆን ወሰን አለው። ዱላን “የቤት ገበና ነው” ብሎ መሸፈንና ተበዳይዋን “ቻይው” ማለት ከአባቶች ምክር መልካም የሆነውን ክፍል የሚያፈርስ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በሕግ እንደሚያስጠይቅ በግልጽ አስቀምጧል።

ወንድ ልጅ ምክርን በጆሮው ከሚሰማው ይልቅ በቤቱ ከሚያየው ይማራል። አባቱ ቃሉን ሲጠብቅ፣ ሲቆጣ ዝም ሲል፣ ሲያዝን ለሚስቱና ለወዳጁ ሲናገር፣ ሲያጠፋም ይቅርታ ሲጠይቅ ያየ ልጅ ጎጆ በሚወጣበት ቀን ብዙ ምርቃት ላያስፈልገው ይችላል። ይህን ሁሉ ሰምቶ ለማይመለስ ግን አባቶች “ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው” ብለው ይደመድማሉ። ይሁን እንጂ የአባወራው መከራ ሚስቱና ልጆቹ የሚካፈሉት መከራ በመሆኑ፣ ምክሩን በጊዜው መስማት ለራስ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብም ማሰብ ነው።