«ሸራ»፣ «ጫማ»ና «ታምቡር»፤ ስለ ኋላ ፍሬን ዕቃዎች ስያሜ

የቃላት መምታታት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ቀላል ስሕተት ይመስላል፤ በመለዋወጫ ማዘዣ ላይ ሲደርስ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የቆየ ሚኒባስ የኋላ ፍሬን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በፎልክስዋገን ኮምቢ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የፊቱ ፍሬን በዲስክ ሲተካ የኋላው በታምቡር ቀጥሏል።

ከስሞቹ ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። «ፍሬን» የመጣው «ፍሬኖ» ከሚለው ነው። የመላሹ ሽቦ ስም «ሞላ»ም እንዲሁ ነው፤ «ሙሉ ሆነ» ከሚለው ግስ ጋር በድምፅ ቢገጥምም ዝምድና ስለሌለው ራሱን ችሎ ሊመዘገብ ይገባዋል። «ታምቡር»ን በ«ከበሮ» መተካት ያጓጓ ይሆናል፤ ነገር ግን «የጆሮ ታምቡር» የሚል ሕዝብ ለቃሉ እንግዳ ስላልሆነ መለወጡ ትርፍ የለውም።

አስቸጋሪው «ሸራ» ነው። በጋራዥ አንዳንዴ ታምቡሩን የሚፈትገውን ልባስ ብቻ፣ አንዳንዴም ልባሱን ከተሸካሚው ቅስት ብረት ጋር ያመለክታል። የቀድሞዎቹ ልባሶች ከጥጥ የተሸመኑ ስለ ነበሩ ስሙ ለልባሱ ይስማማል። ብረቱን ጣሊያንኛ «መንጋጋ»፣ እንግሊዝኛ «ጫማ» ይለዋል። መንጋጋ ወደ ውስጥ ይነክሳል፤ ይህ ብረት ግን ወደ ውጭ ተከፍቶ ታምቡሩን ይገፋል። የጫማ ሶል ሲያልቅ ሶሉ ተቀይሮ አካሉ ይቀራል፤ የዚህም ጠባይ ይኸው ነው። ስለዚህ ብረቱ «የፍሬን ጫማ»፣ ልባሱ «የፍሬን ሸራ» እንዲባሉ እናሳስባለን።

ልዩነቱ ለገዢው ይጠቅማል። ጫማው ካልተጣመመ ሸራውን ብቻ ማስለወጥ ይቻላል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን መጣል አለበት። ሸራ በግራም በቀኝም በአንድነት ይለወጣል፤ አለዚያ አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ ይይዛል። የታምቡሩ የውስጥ ስፋትና የሸራው ወርድ ከሞዴሉ ዓመት ጋር መመሳከር አለባቸው፤ ከተፈቀደው ስፋት ያለፈ ታምቡር በቶርኖ አይስተካከልም፣ በአዲስ ይተካል። የሞተር ዘይት ጎሚኒን ስለሚያሳብጥ በፍሬን ዘይት ምትክ አይጨመርም። በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራው በአየር አይነፋም።

እንግዲህ «የኋላ ሸራ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። ሸራ ወይስ ጫማ፣ የየትኛው ዓመት፣ በምን ልክ የሚለው በማዘዣው ላይ ሲሰፍር ገዢና ሻጭ አንድ ነገር ያስባሉ።