ከቻርጀሩ በፊት ቆጣሪውን ይዩ፦ የቤት ውስጥ የመኪና ቻርጀር ተረትና እውነታ

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን የመኪና ኃይል መሙያ ጣቢያ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ዛሬ አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ ኑሮው አዲስ አበባ ቦሌም ይሁን ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት፣ የኤሌክትሪክ መኪና ማሰቡ አይቀርም።

ሆኖም የሁለቱ ሰዎች ችግር እኩል አይደለም። የአዲስ አበባው ባለመኪና የቤቱ ቻርጀር ቢበላሽበት ጣቢያ ሄዶ ይሞላል። በቦረና ሳይንት፣ ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው መካነ ሰላም ወይም በአጅባር፣ ለሚኖር ሰው ግን ዋናው መሙያው የራሱ ግቢ ነው። የቻርጀር ምርጫው ከተበላሸ መኪናው ቆመ፤ የሽቦ ዝርጋታው ከተበላሸ ደግሞ ቤት ይቃጠላል፣ ሰው ይሞታል። ይህን ያህል ክብደት ያለው ውሳኔ በሰሚ ሰሚ ሊወሰን አይገባም። በሻጭና በገዥ፣ አልፎ አልፎም በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንደበት የሚደጋገሙትን እምነቶች ከእውነታው ጋር አንድ በአንድ እናስተያያቸው።

ተረት 1፦ «ትልቁን ቻርጀር ከገዛህ መኪናው ቶሎ ይሞላል»

እውነታው፦ የመሙያውን ፍጥነት የሚወስነው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሣጥን ብቻ አይደለም። የሣጥኑ ሥራ ከቆጣሪ የመጣውን ኃይል በሥርዓት ለመኪናው ማቀበልና ችግር ሲገጥም መቁረጥ ነው። የቤቱን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ባትሪው ወደሚቀበለው ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚቀይረው መሣሪያ ያለው መኪናው ውስጥ ነው። የዚህ መሣሪያ አቅም እንደ መኪናው 3.3፣ 6.6፣ 7 ወይም 11 ኪሎዋት ሊሆን ይችላል። መኪናው ከ6.6 ኪሎዋት በላይ የማይቀበል ከሆነ ባለ 22 ኪሎዋት ሣጥን መስቀል ትርፉ ወጪ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወሳኝ ቆጣሪው ነው። አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚያገኘው ሲንግል ፌዝ 220 ቮልት ነው። በዚህ መስመር ላይ 32 አምፔር የሚስብ ቻርጀር 7 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፤ ለሲንግል ፌዝ ቤት ከዚህ በላይ ማሰብ አያስፈልግም። 11 እና 22 ኪሎዋት ሦስት ፌዝ ይጠይቃሉ። ሦስት ፌዝ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተጠይቆ፣ መስመሩና ትራንስፎርመሩ መቻላቸው ታይቶ የሚገባ ነው። በጣቢያዎች ያለውን ዓይነት ፈጣን ዲሲ (ቀጥተኛ ኮረንቲ) ቻርጀር ቤት ማስገባትማ የሚታሰብ አይደለም። አንድ ባለ 60 ኪሎዋት ቻርጀር ብቻውን፣ አንድ ሠፈር ከሚያበራ ባለ 50 ኪሎቮልት አምፔር ትራንስፎርመር አቅም በላይ ነው።

ደግሞስ ምን ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል? መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ፣ በየማታው 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢያገኝ ይበቃዋል። 10 አምፔር ብቻ የሚስብ፣ 2.2 ኪሎዋት የሚሰጥ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ይህን በአምስት ሰዓት ያህል ይሞላል። መኪናው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቆሞ የሚያድር ከሆነ ጊዜው ይተርፋል እንጂ አያንስም።

ተረት 2፦ «ምጣድ የቻለ ሶኬት መኪናም ይችላል»

እውነታው፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 16 አምፔር የሚስብ የመኪና ቻርጀርም 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። በቁጥር ሲታዩ እኩል ናቸው፤ ተረቱም የተወለደው ከዚህ ነው። የሚለያያቸው ጊዜው ነው። ምጣዱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይሠራል፤ የምትጋግረው ሴትም አጠገቡ ስለሆነች የላስቲክ ሽታ ከሸተታት ወዲያው ትነቅላለች። መኪና ግን ያንኑ ጭነት ሰባትና ስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ ሊስብ ይችላል፤ ያውም ቤተሰቡ ተኝቶ። ብሎኑ የላላ ወይም ከዚህ በፊት የጠቆረ ሶኬት ቀስ በቀስ እየጋለ የሚቀልጠው በዚህ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ለመኪናው ከማከፋፈያው ቦርድ የሚነሣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይዘርጉለት። ለ16 አምፔር 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለ32 አምፔር 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል። ግቢው ሰፊ ሆኖ መኪናው ከቦርዱ ርቆ የሚቆም ከሆነ ለ32 አምፔር ወደ 10 ካሬ ሚሊሜትር ማደግ ይሻላል። በማራዘሚያ ገመድ አይሙሉ፤ በተለይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ይቀልጣል። አዲስ መስመር በተዘረጋ በመጀመሪያው ቀን፣ ቻርጅ ማድረግ ከጀመሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሶኬቱንና የመሰኪያውን ፕላስቲክ በእጅዎ ይዳስሱ። እጅ የማያስቆይ ሙቀት ካለ ኃይሉን ከብሬከሩ ያጥፉና ባለሙያውን መልሰው ይጥሩ።

ተረት 3፦ «ኧርዝ ባይኖርም ይሠራል፤ ቻርጀሩ እምቢ ካለ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር ማገናኘት ነው»

እውነታው፦ ከሁሉም ተረት ሰው የሚገድለው ይህ ነው። ደኅና ቻርጀር ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ፣ ከሌለ ቀይ መብራት አሳይቶ ሥራ ያቆማል። ያን ጊዜ አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱን ከፍቶ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር በቁራጭ ሽቦ ያገናኘዋል፤ ቻርጀሩም ተታሎ ይሠራል። ነገር ግን ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው የኒውትራል ሽቦ በነፋስ ወይም በዝገት የተበጠሰ ዕለት ያቺ ቁራጭ ሽቦ 220 ቮልቱን በቀጥታ ወደ መኪናው አካል ታመጣዋለች። ጠዋት በባዶ እግሩ መሬት ላይ ቆሞ የመኪናውን በር የሚነካ ልጅ ምን እንደሚገጥመው መናገር አያስፈልግም።

ትክክለኛው መንገድ ኧርዝ ማስቀበር ነው። በአገራችን የተለመደው የመዳብ ዘንግ ከከሰልና ከጨው ጋር መቅበር ነው፤ ሥራው መሠራቱ ብቻ ግን አይበቃም፣ በመሣሪያ መለካት አለበት። ብዙ ባለሙያዎች ከ10 ኦም በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። የወሎ ደጋ አፈር እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት ይሻል። ጥቁሩ መረሬ በክረምት እርጥበት ይይዛል፣ በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ዘንጉና አፈሩም ይላቀቃሉ። ድንጋያማው መሬትም ኮረንቲን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ተለክቶ ጥሩ የተባለ ኧርዝ ሚያዝያ ላይ ላይሠራ ይችላል። ልኬቱን በበጋ ያስደግሙ፤ ከ10 ኦም ካለፈ ሁለተኛና ሦስተኛ ዘንግ ተቀብሮ ይያያዝ።

ከኧርዙ ጋር ደግሞ በባለሙያዎች አርሲዲ የሚባለው፣ 30 ሚሊአምፔር ብቻ ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚቆርጠው ብሬከር የግድ ነው። ቻርጀሩ የ6 ሚሊአምፔር ዲሲ ፍሳሽን ራሱ የሚጠብቅ ከሆነ ኤ ዓይነት አርሲዲ ይበቃል። ካልሆነ በዋጋ የሚወደደው ቢ ዓይነት ያስፈልጋል። ሻጩን ይህን ይጠይቁ፤ መልሱንም ከቻርጀሩ መመሪያ ላይ ያረጋግጡ።

ተረት 4፦ «አፉ ካልገጠመ አዳፕተር አለ»

እውነታው፦ ወደ አገራችን ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ የሚሞሉትም በቻይናው ጂቢቲ መሰኪያ ነው። ለአውሮፓ ወይም ለሌላ የውጭ ገበያ ተሠርቶ የመጣ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ታይፕ 2 ይዞ ይመጣል። የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ስም መኪና እንኳ በተሠራለት ገበያ ምክንያት የተለያየ አፍ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱ አፎች ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ አይገጥሙም። ስለዚህ ቻርጀር የሚገዛው የመኪናው አፍ በዓይን ከታየ በኋላ እንጂ ስሙ ብቻ ተጠርቶ አይደለም።

አደገኛው አዳፕተር ግን በሌላኛው ጫፍ ያለው ነው። ከቻይና መኪና ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሲሆን የእኛ ሶኬት ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው። ሱቅ ላይ በርካሽ የሚገዛው ትንሽ አዳፕተር ለስልክ እንጂ ለመኪና አልተሠራም፤ ብዙው ኧርዙንም አያሳልፍም። በባለሙያ እጅ 16 አምፔር የሚችል፣ ኧርዝ ያለው የኢንዱስትሪ ሶኬትና መሰኪያ ማስገጠም ትንሽ ወጪ ነው፤ የሚያስቀረው አደጋ ግን ትልቅ ነው።

ተረት 5፦ «ጥሩ ዕቃ የትም ቦታ ጥሩ ነው»

እውነታው፦ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች፣ ቻርጀርና ብሬከርም ጭምር፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠሩት ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አዲስ አበባም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር የጋለ ዕቃን በደንብ አያቀዘቅዝም፣ በሁለት ሽቦዎች መካከል ብልጭታ እንዳይዘል የመከልከል አቅሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ሲገዙ ከመመሪያው ላይ የተፈቀደውን ከፍታ ያንብቡ፤ 3,000 ወይም 4,000 ሜትር የሚል ካገኙ እሱን ይምረጡ። ካላገኙ ቻርጀሩን በሙሉ አቅሙ አያሠሩት፤ ባለ 32 አምፔሩን ወደ 24 ወይም 16 አምፔር ዝቅ አድርገው ይጠቀሙበት።

ሁለተኛው የደጋ ጉዳይ መብረቅ ነው። ክረምት ላይ ሩቅ ያለ መስመር ላይ የወደቀ መብረቅ በሽቦው ተጉዞ ቤት ይገባል። የመብረቅ ግፊትን ወደ መሬት የሚያወርድ መከላከያ ቦርዱ ላይ ይገጠም፤ ይህም የሚሠራው ኧርዙ ደኅና ከሆነ ብቻ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም ግን ከሁሉ የሚሻለው መኪናውን መንቀል ነው።

ተረት 6፦ «መብራት ስለሚዋዥቅ ስታቢላይዘር መግዛት ነው»

እውነታው፦ ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ስታቢላይዘር የመኪናን ጭነት ሌሊቱን ሙሉ አይሸከምም። የመስመር ጫፍ ላይ ላለ ቤት የሚበጀው የአምፔር መጠኑ ከፍና ዝቅ የሚል ቻርጀር ነው። የሚስበው ሲቀንስ በመስመሩ ላይ የሚጠፋው ቮልት ስለሚቀንስ ኃይሉ ይረጋጋል። ቮልት ሲበዛና ሲያንስ የሚቆርጥ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ በራሱ የሚቀጥል መሆኑን ይጠይቁ። ሳይጠብቅ የሚቀጥለው በመጀመሪያው ግፊት ሊጎዳ ይችላል፤ በራሱ የማይቀጥለው ደግሞ ጠዋት ባዶ ባትሪ ያስታቅፍዎታል። የመሙያ ሰዓቱንም ሠፈሩ ምጣዱን አጥፍቶ ወደሚተኛበት ሰዓት ያዛውሩት።

ተረት 7፦ «ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሞልቶ መውጣት ይሻላል»

እውነታው፦ የባትሪው ዓይነት ይለያያል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሆነውን አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ መሙላት አምራቾች ይመክራሉ። ኒኬል ያለበትን ግን ለዘወትር አገልግሎት 80 በመቶ ላይ ማቆም ዕድሜውን ያስረዝማል።

የደጋ ሰው ሌላም ምክንያት አለው። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን የሚሄድ መኪና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ኃይል እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬኑንም ከግለት ያድነዋል። ባትሪው ጢም ብሎ ከወጣ ግን ያ ኃይል መግቢያ የለውም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሽቅብ ሲመለስ ደግሞ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጨርሳል። ስለዚህ ቁልቁለት የሚጀምር ሰው 85 ወይም 90 በመቶ ላይ የሚያቆም ቻርጀር ወይም መኪና ቢኖረው ይጠቀማል።

ተረት 8፦ «መብራት ቢጠፋ በጥቂት የሶላር ፓነል መሙላት ይቻላል»

እውነታው፦ በአገራችን ፀሐይ አንድ ባለ 550 ዋት ፓነል በጥሩ ቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢሰጥ ነው። ብዙ ለሚነዳ፣ በቀን 30 ኪሎዋት ሰዓት ለሚፈልግ መኪና አሥር ያህል ፓነልና ተመጣጣኝ ኢንቨርተር ያስፈልጋል፤ መኪናውም ቀን ቀን ቤት መቆም አለበት። ሦስትና አራት ፓነል ግን ፀሐዩ ጥሩ ከሆነ ለክፉ ቀን የሚሆን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስገኛል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ተረት 9፦ «የኤሌክትሪክ ባጃጅ ቻርጀር ሁሉ አንድ ነው»

እውነታው፦ ባጃጆች 48፣ 60 ወይም 72 ቮልት ባትሪ ሊኖራቸው ይችላል፤ ባትሪው የአሲድ ወይም የሊቲየም ሊሆን ይችላል። የአንዱን ቻርጀር በሌላው ላይ መሰካት ባትሪውን ሊገድል ይችላል፤ ሊቲየም ከሆነ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይሞላ።

ለመኪናም ለባጃጅም ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። መጀመሪያ የቆጣሪዎን አቅም ከአካባቢዎ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ወይም በ905 ደውለው ይጠይቁ። ቀጥሎ ኧርዙን ያስለኩ፣ ራሱን የቻለ መስመርና ለሚመርጡት ቻርጀር የሚስማማ አርሲዲ ያስገጥሙ። የመኪናውን አፍና የሚቀበለውን ኪሎዋት ያረጋግጡ። ቻርጀር የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገንዘብዎ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ከትልቁ ሣጥን ይቀንሱ፤ ከሽቦው፣ ከብሬከሩና ከኧርዙ ግን ምንም አይቀንሱ። አነስተኛ ቻርጀር የሚወስድብዎ ጊዜ ነው፤ መጥፎ ኧርዝ የሚወስደው የሰው ሕይወት ነው።