ብዙ ዘመን ስላንቀላፋ የናፍታ ሞተር አነሣስ

በገጠር ወፍጮ ቤት ጥግ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ፣ በማኖቬላ የሚነሣ አሮጌ የናፍታ ሞተር አልነሣም ሲል፣ ባለቤቱ እንደሚያስበው ሞቶ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ የሕይወቱ ምሥጢር የሆነውን ሙቀት አጥቶ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ በተግባር ያሳየው ጥበብ፣ ያለ ካንዴላ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ናፍታው በገዛ ራሱ እንዲቀጣጠል ማድረግ ነውና፣ የፒስተኑ ፋሻ በዝገት ተጣብቆ አየር የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ቢያሽከረክሩት ድካሙ ከንቱ ነው።

ስለዚህ አስቀድሜ ኖዝሉን ፈትቼ ጥቂት ቀጭን ዘይት በሲሊንደሩ አፈስና ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ፤ ከዚያም ቮላኖውን ወዲያና ወዲህ በቀስታ አወዛውዛለሁ፤ በጉልበት የሚያስገድድ ሰው ፋሻ ይሰብራልና ትዕግሥትን እለምናችኋለሁ። ኖዝሉን ከመመለሴ በፊት ሞተሩን አዙሬ ትርፉን ዘይት አስወጣለሁ፤ የቀረ ዘይት እንደ ነዳጅ ነድዶ ሞተሩን ከልክ በላይ ሊያፈጥነው ይችላልና፣ የአየር መግቢያውን የሚደፍን ጣውላ ከአጠገቤ አይለይም።

ውሃና ዝቃጭ ያቆረው አሮጌ ናፍታ ይደፋ፤ የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮው ይለወጥ፤ የፓምፑም ማስተንፈሻ ብሎን አረፋ የሌለው ናፍታ እስኪፈስ ድረስ ላልቶ ይቆይ።

በመጨረሻም የቫልቩን ማንሻ ከፍታችሁ ማኖቬላውን አሽከርክሩ፤ ቮላኖው በሚገባ ሲፈጥን ማንሻውን መልሱት። አውራ ጣታችሁን ግን በማኖቬላው ላይ አትጠምጥሙ፤ ወደ ኋላ ቢመታ አጥንት ይሰብራል። ነጭ ጭስ እያወጣ እንቢ ካለ፣ ናፍታው ደርሶ ሙቀቱ ብቻ ጎድሏልና ደግማችሁ ሞክሩ።