ለማጅ የላቡን ዋጋ፣ ባለሙያ ማረጋገጫውን ያግኝ!

በጉለሌ፣ በእንጦጦ ግርጌ በምትገኘው ቀጨኔ የሸክላ ሙያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል፤ ያለ መንኮራኩር በእጅ ብቻ ይበጃል፤ ከደረቀ በኋላም በእሳት ይተኮሳል። ጀበናው፣ ምጣዱና ድስቱ ከዚህ በኋላ ለገበያ ይወጣል። ይህን ሁሉ ጠንቅቃ የምታውቅ ወጣት ግን «ባለሙያነትሽን በምን ታረጋግጫለሽ?» ስትባል የምታሳየው ወረቀት የላትም። ጥያቄያችን የሚነሣውም ከዚሁ ነው።

እንደሚታወቀው፣ በአሮጌው ሥርዓት አምራቹ ሲናቅ በምርቱ የሚገለገለው ሲከበር ኖሯል። ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ተገለዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ይሁን እንጂ ንቀት በአዋጅ ብቻ እንደማይሻር የዘመናት ተሞክሮ አስተምሮናል። ንቀት ከሥሩ የሚነቀለው ሙያው ሲከፈልበትና ሲመሰከርለት ነው።

እየሠሩ መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1850ዎቹ ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ባቋቋሙት የመሣሪያ መሥሪያ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከአውሮፓውያን ባለ እጆች ጎን ሆነው ሙያ ቀስመዋል። ዛሬም በጀርመን ለማጁ ጊዜውን ለድርጅትና ለሙያ ትምህርት ቤት ከፍሎ ይሠለጥናል፤ በየወሩም ይከፈለዋል።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የለማጅነት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነት፣ ጊዜውና ክፍያው እንዲገለጽ፣ በፍጻሜውም ለማጁ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂም ሙያውን የትም ይልመደው የት፣ ሰው ሁሉ ተመዝኖ ብቃቱ እንዲረጋገጥለት በር ከፍቷል።

ነገር ግን አንድ ቅራኔ አለ። ሕጉ የሚናገረው ስለ አሠሪና ለማጅ ነው፤ የቀጨኔዋ እናት ግን አሠሪ አይደለችም። ከዕለት ጉርስ የማያልፍ ገቢ እያላት ለልጇ ደመወዝ ከየት ታምጣ? በሌላ በኩል ደግሞ «ሙያ እናስተምራለን» በሚል ሽፋን የሕፃናትን ጉልበት የሚበዘብዝ አይጠፋም። ሸማ ሲሠራ ውሎ እራቱን ብቻ የሚያገኝ ልጅ ለማጅ ሳይሆን ተበዝባዥ ነው።

ስለሆነም መፍትሔው በመደራጀት ላይ ነው። አንዲት እናት ለብቻዋ የማትችለውን ማኅበር ይችለዋል። ለማጇ ከሠራችው ዕቃ ሽያጭ ድርሻዋ ተለይቶ ይከፈላት፤ የለመደችው ሥራ በመዝገብ ይስፈር፤ ቀኑ ሲደርስም ማኅበሩ ለብቃት ምዘና ያቅርባት። የመንደር ማኅበርተኞች ሆይ፣ በየጎረቤታችን ስንት ለማጅ እንዳለ፣ ስንቱ እንደሚከፈለው፣ ስንቱም እንደሚማር ቆጥረን እንወቅ። ሥራው የሚጀመረው ከዚህ ነው። ያለ ክፍያ የሚሠራ፣ ያለ ማረጋገጫ የሚቀር ለማጅ በመካከላችን አይኑር!